ከጣውላው የተነቀለው ወረቀት

መርከቧ የባሕር ዳር መዝናኛዋ ፕሮቪንስታውን ወደብ ስትደርስ ሊላንድ ፕሩዊት ከሁሉም ሰው ኋላ ወረደ። ድሮ ቀድሞ የሚወርደው አንሰልም ነበር። መርከቧ ገና ሳትታሰር አንሰልም በሩ ላይ ይቆማል፤ ሊላንድ ደግሞ ሻንጣዎቹን ከኋላ እየጎተተ "ቀስ በል እንጂ ሰውዬ፣ ከተማዋ የትም አትሄድብህ" ይለዋል። በየዓመቱ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት፣ ለሠላሳ አንድ ዓመት ያህል እንዲሁ ብሎታል። ዘንድሮ ግን ቀስ በል የሚባል ሰው አልነበረም። አንሰልም የካቲት ላይ ሞቷል።

በቀኝ እጁ ሻንጣ፣ በግራ ብብቱ ሥር ደግሞ በፎጣ የተጠቀለለ ጣውላ ይዟል። የመጣው ለጣውላው ሲል ነው። አንሰልም በሕይወቱ የጀመረው የመጨረሻ ሥዕል በዚያ ጣውላ ወረቀት ላይ የሚታተም ነበር፤ ግማሽ ላይ ትቶት ሞተ። አንሰልምን ሙያውን ያስተማረችው ዊኒ ቴፐር በስልክ "እንዳለ ይዘኸው ና። የቀረው ሦስት ቀለም ነው፤ እኔ እጨርስለታለሁ" ብላዋለች። ሊላንድ ከዚህ ሌላ የሚመኘው ነገር አልነበረውም። የአንሰልም እጅ ያረፈበት ያው ወረቀት ሙሉ ሆኖ፣ ከአልጋው ፊት ለፊት ተሰቅሎ እንዲያየው ብቻ ነው የፈለገው።

ዋናው መንገድ ላይ እንደ ወትሮው ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት የተጣመሩ ፍቅረኞች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይመላለሳሉ። አንድ ትከሻው የበር ያህል የሰፋ ሰው ወርቃማ ዊግ አጥልቆ፣ ረጅም ታኮ ተጫምቶ ወረቀት ያድላል።

"አባባ! አንተ ባለ ጣውላው! ዛሬ ማታ እዘፍናለሁ፣ ና እንጂ!"

"አመሰግናለሁ" አለ ሊላንድ።

"ብቻህን ነህ እንዴ? ብቻውን ለመጣ ግማሽ ዋጋ ነው፤ ለከፋውማ በነፃ ነው!"

አብረውት ያሉት ሳቁ። ሊላንድ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ አጥፎ ኪሱ ከተተና መንገዱን ቀጠለ።

የሚያርፈው ክፍል በሚያከራዩት በዶና ዱልሲ አቬላር ቤት ነው። ዶና ዱልሲ የአሣ አጥማጅ ልጅ ናቸው፤ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ኤድስ ወጣት ወንዶችን በየሳምንቱ በሚቀጥፍበት ዘመን፣ ወላጆቻቸው አናውቃቸውም ያሏቸው ሦስት ልጆች እሳቸው ቤት ፎቅ ላይ ነው የሞቱት። አጥበው የገነዟቸው እሳቸው ናቸው። ሰው ስለዚህ ሲያነሳባቸው "ክፍሉ ባዶ ነበር፣ ክረምት ነዋ፣ እንግዳ የለ" ብለው ያልፉታል።

"ከሳህ" አሉት በሩን እንደከፈቱ። "ሾርባ አለ። ጎመንና ቋሊማ ያለበት ነው።"

"እወደዋለሁ፣ ዶና ዱልሲ።"

"አትወደውም። ጎመኑን ለቅመህ ወደሱ ሳህን ስታሻግር ሠላሳ ዓመት አይቼሃለሁ። ዕውር መሰልኩህ?"

ሊላንድ ፈገግ ሊል ፈልጎ አልሆነለትም። አሮጊቷም አላስገደዱትም። ደረጃውን እያቃሰቱ ቀድመውት ወጡና ክፍሉን ከፈቱለት። አልጋው ላይ ሁለት ትራስ አለ።

"አንዱን ላንሳው ወይስ ይቀመጥ? ሳልጠይቅህ ማንሳት ከበደኝ" አሉ።

"ይቀመጥ።"

"እሺ ልጄ።"

ሊላንድ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ተወልዶ ያደገው ዉስተር ከተማ ውስጥ ነው፤ አባቱ የሽቦ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። እሱ ራሱ በከተማው አውቶቡስ ጋራዥ ሠላሳ ስምንት ዓመት መካኒክ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ ወጣ። አንሰልምን ያገኘውም አውቶቡስ ተበላሽቶ ነው። በረዶ በሚጥልበት ማለዳ አንዱ መኪና ኮረብታ ላይ ቆመና ሊላንድ ተጠርቶ ሄደ። ተሳፋሪው ሁሉ እየተራገመ በእግሩ ሲሄድ፣ የፖስታ ቤት ልብስ የለበሰ አንድ ቀጭን ሰው ብቻ ቀረ። "ባትሪውን ልያዝልህ?" አለው። መብራቱን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያነቃንቅ ግማሽ ሰዓት ያዘለት። ሊላንድ እንዲህ ያለ ሰው ከዚያ በፊት አይቶ አያውቅም፤ በጋራዡ ያሉት ረዳቶች ባትሪ ይዘው ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነው።

ጋራዡ ውስጥ አንሰልም "የቤት ተጋሪው" ነበር። ሊላንድም ያንኑ ይል ነበር። በዓመት ሃምሳ አንድ ሳምንት የቤት ተጋሪዎች ሆነው ኖሩ፤ በሃምሳ ሁለተኛው ሳምንት እዚህ መጥተው፣ ከመርከቡ ወርደው መቶ እርምጃ ሳይሄዱ፣ አንሰልም እጁን ይይዘዋል። ሊላንድ ዙሪያውን ሳይገላመጥ እጁን መስጠት የለመደው በአራተኛው ዓመት ነው። ሕጉ ሲፈቅድ የተጋቡት በዚሁ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ነበር። ያም ሆኖ አንሰልም ሲሞት እህቱ ጋዜጣ ላይ ባወጣችው የሐዘን ማስታወቂያ ሊላንድን "የረጅም ጊዜ ወዳጁ" ብላ ጻፈችው። ሊላንድ አልተከራከራትም። የአሥራ አራት ዓመት ባለቤቱ መሆኑን ለማስረዳት በዚያ ሳምንት ጉልበት አልነበረውም።

አንሰልም በየመስከረሙ አንድ ሥዕል ይጀምርና ክረምቱን ዉስተር ቤታቸው ውስጥ ይጨርሰዋል። ጀልባ ሠርቷል፣ የዓሣ መጋዘን ሠርቷል፣ የዶና ዱልሲን አጥር ሦስት ጊዜ ሠርቷል። ሰው ግን ሠርቶ አያውቅም። በዚህ በመጨረሻው ግን አንድ ሰው አለ። ውኃው ሸሽቶ ሲሄድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ባሕሩን የሚያይ፣ ጀርባውን የሰጠ ሰው ነው። ሊላንድ ከቀብሩ ሁለት ሳምንት በኋላ ጓዳውን ሊያጸዳ ገብቶ ሥዕሉን ሲያይ የሰውየው ግራ ጆሮ ወደ ውጭ የቆመ፣ ቀኝ ትከሻው ዝቅ ያለ መሆኑን አስተዋለ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እሱ ራሱ ነበር።

ሱሪው፣ አንገቱ፣ ጆሮው፣ ኮፍያውና የተቀመጠበት የወንበሩ ግማሽ ቀለም ተቀብተዋል። የቀሩት ሸሚዙ፣ ባሕሩና ከአጠገቡ ያለው ባዶ ቦታ ናቸው።

ለጉዞው ሲዘጋጅ ሥዕሉን እንደ ሞተር ነው የያዘው። ወረቀቱ በላይኛው ጠርዙ በአራት ትንንሽ ምስማሮች ጣውላው ላይ ተመትቷል፤ ታችኛው ጠርዙ ልቅ ነው፣ በቤቱ ሙቀት ደርቆ እንደ ቅጠል ተጠቅልሏል። ሻንጣ ውስጥ ቢከተት መጨማደዱ ነው። ስለዚህ ምስማሮቹን በፒንሳ አንድ በአንድ፣ ወረቀቱን ሳይጭር ነቀላቸው። እያንዳንዱን በቁራጭ ወረቀት ጠቅልሎ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብሎ ጻፈባቸውና "ላይኛው ጠርዝ፣ ከግራ ወደ ቀኝ" በሚል ፖስታ ውስጥ አስቀመጣቸው። ቀጥሎ ወረቀቱን ገለበጠና እርጥብ ጨርቅ ደርቦበት፣ የአንሰልምን ሸሚዞች ይተኩስ እንደነበረው፣ በለስላሳ ሙቀት በካውያ ተኮሰው። ወረቀቱ ተዘርግቶ ተኛ። በሁለት ካርቶን መሃል ሲያስገባው ከየካቲት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር በደንብ የሠራ መሰለው። በሥርዓት የተፈታ ነገር በሥርዓት ይገጠማል፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት እንጀራ የበላው በዚህ እምነት ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ዊኒ ቴፐር ዘንድ ሄደ። የምትሠራበት ቤት በድሮ ጊዜ የመርከብ ሸራ የሚሰፋበት ሰገነት ነው፤ መስኮቱ ወደ ባሕሩ ያያል። ዊኒ አጭር፣ ጸጉሯን እንደ ወታደር የተቆረጠች፣ ሰማንያ ሊሞላት ሁለት ዓመት የቀራት ሴት ናት። ሁለት ባለቤቶቿን ቀብራለች፤ ሁለቱንም "ሴትዮዋ" እያለች ነው የምታነሳቸው፤ የትኛዋን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም።

"ና ግባ፣ አንተ ግንድ!" አለችው። "ፀጉርህ የት ሄደ?"

"አንቺ ዘንድ ያየሁ መስሎኝ፤ እዚያም የለም።"

"ምላስህ ገና አልሞተም፣ ጥሩ ነው። አምጣው።"

ሊላንድ ፎጣውን ፈትቶ ጣውላውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ዊኒ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። የተቀረጸውን ጭረት ሁሉ በጣቷ ተከተለችው፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ጣቷ ላይኛው ጠርዝ ጋ ደርሶ አራቱን ጥቃቅን ቀዳዶች ሲነካ ቆመ።

"ወረቀቱስ?"

"አለ፤ አንዲት ጭምድድ የለበትም።" አብሮ ያመጣውን ካርቶን ከፈተላት። "ይኸው። ምስማሮቹም ይኸው። ቁጥር ጽፌባቸዋለሁ።"

ዊኒ ፖስታውን ተቀብላ የተጻፈውን አነበበች። ለረጅም ጊዜ አነበበችው። አምስት ቃል ብቻ ነው የተጻፈበት።

"ማነው የነቀለው?"

"እኔ ነኛ።"

"እንዳለ አምጣው አላልኩህም?"

"እንዳለ እኮ ነው። ምን ጎደለው?"

ዊኒ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ወረቀቱን አንስታ መስኮቱ ላይ በብርሃን አየችው።

"ይኼ ወረቀት ውኃ ነክቶታል?"

"እርጥብ ጨርቅ ብቻ። ተጠቅልሎ ስለነበር በካውያ…"

"ተኮስከው?"

"በለስላሳው ነው የተኮስኩት።"

"አምላኬ ሆይ" አለች ዊኒ በሹክሹክታ። ከዚያ አንድ ሌላ ጣውላ ሳበች፤ የራሷን፣ ወረቀቱ የተመታበትን። "ና እይ። ጠጋ በል። ወረቀቱ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጣል፣ አየህ? ጣውላው ላይ አንዷን ቦታ ብቻ ቀለም ትቀባለህ። ገጹን ትመልሰዋለህ። በማንኪያ ጀርባ ታሸዋለህ። ትገልጣለህ፣ ሌላዋን ትቀባለህ፣ ትመልሳለህ። መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ። ገጹ በተመለሰ ቁጥር ያንኑ ቦታ ነው የሚያርፍበት፣ የጸጉር ያህል አይዛነፍም። በቀለምና በቀለም መሃል ያለችው ነጭ መስመር የምትቀረው ለዚያ ነው። ምስማሩ ሥዕሉ እስኪያልቅ አይነቀልም፣ ሊላንድ። ቤትህ ቢቃጠል ጣውላውን ከነወረቀቱ ይዘህ ትወጣለህ እንጂ አትነቅልም። እዚህ ከተማ የሰባት ዓመት ልጅ ያውቀዋል።"

"በቀዳዳው ተመልሶ ይገባል። ቀዳዳው አለ።"

"ቀዳዳው አለ። ወረቀቱ ግን ያው ወረቀት አይደለም። ውኃ ሲነካው ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ድሮ ወደነበረበት ልክ አይመለስም።"

"የምን ያህል ነው? አንድ ሚሊ? ሁለት ሚሊ?"

"ሁለት ሚሊ እኮ መስመሯ ናት!" ዊኒ ጠረጴዛውን በእጇ መታች። "ሠላሳ ዓመት አጠገቡ ተቀምጠህ ምን ስታይ ነበር?"

ሊላንድ ትንሽ አሰበ።

"ጋዜጣ" አለ።

እውነቱን ነው። አንሰልም ሲሠራ እሱ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ የስፖርት ገጹን ያነብ ነበር። የማንኪያውን ሽክሽክታ ሰምቷል፤ ቀና ብሎ ግን አላየም። በመርከብ ሲመለሱ አንሰልም ጣውላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ እንደ ሙሉ ሰሃን ሳያዘነብል፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይቀመጥ እንደነበር ትዝ አለው። "ሻንጣ ውስጥ ክተተው፣ እግርህ ይደነዝዛል" ብሎ በየዓመቱ ይነዘንዘው ነበር። አንሰልም "ግድ የለም" ይላል። ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ቢጠይቀው ኖሮ ይነግረው ነበር። መንገር ይወድ ነበር።

ዊኒ ስለጮኸችበት አፈረች መሰለ ድምጿ ዝቅ አለ።

"አዲስ ወረቀት መትቼ ከመጀመሪያው ላትምልህ እችላለሁ። ጣውላው ደህና ነው።"

"በአንቺ እጅ።"

"በኔ እጅ።"

"እሱን አይደለም የፈለግሁት፣ ዊኒ።"

"አውቃለሁ።"

ውጭ ውኃው ሸሽቶ ጭቃው ታየ፤ ወፎች ይለቅማሉ።

"ሞክሪው" አለ ሊላንድ።

"ይበላሻል።"

"አሁንስ ምን ሆኗል? ሞክሪው።"

ዊኒ አራቱን ምስማሮች ከየቁራጫቸው ፈታች። አንደኛውና ሁለተኛው በየቀዳዳቸው ገቡ። ሦስተኛው ላይ ወረቀቱ ወጠር አለ፤ አራተኛው ቀዳዳውን ስቶ ከጎኑ አዲስ ቀዳዳ አበጀ። ዊኒ ሰማያዊና ግራጫ ቀላቅላ የባሕሩን ቦታ በብሩሽ ቀባች። ገጹን መለሰች። ማንኪያውን አነሳችና ወደሱ ዘረጋችው።

"አንተ እሸው" አለችው።

"አልችልበትም።"

"ማንም ይችልበታል። በዝግታ፣ ከመሃል ወደ ዳር።"

ማንኪያውን ተቀበለ። ያንን የድሮ ሽክሽክታ አሁን የሚያሰማው የራሱ እጅ ነው። አሸው፤ ዳር እስኪደርስ፣ አንዲት ቦታ ሳይዘል፣ ብሎን እንደሚያጠብቅ ሰው በልክ በልክ። ከዚያ ዊኒ ገጹን ገለጠችው።

ባሕሩ ቆንጆ ባሕር ነበር። ግን ቦታውን አልፎ መጥቷል። በሰውየው አንገትና በውኃው መሃል መኖር የነበረባት ነጭ መስመር ጠፍታለች። ሰማያዊው የቆመውን ጆሮ ውጦታል፣ አንገቱ ላይ ወርዷል፤ በሌላው በኩል ደግሞ ሰፊ ባዶ ነጭ ትቷል። ሰውየው ባሕሩን የሚያይ መሆኑ ቀርቶ ባሕሩ ከኋላው የያዘው ይመስላል።

"ቀጥዪ" አለ ሊላንድ።

"አልቀጥልም።"

"ሁለት ቀለም ነው የቀረው።"

"ሊላንድ፣ ተው።" ዊኒ መነጽሯን አውልቃ ዓይኖቿን አሸች። "ልንገርህ አይደል? የሸሚዙን ቀለም ነግሮኛል፤ የባሕሩንም ነግሮኛል። ከአጠገብህ ያለውን ቦታ ግን ስጠይቀው 'ስደርስበት አያለሁ' ነው ያለኝ። ሰው ሊያስቀምጥበት ይሁን ባዶ ሊተወው አላውቅም። ሳትነቅለው ብታመጣውም ያንን በግምት ነበር የምሠራው። ሰምተኸኛል? የሱ አይሆንም ነበር።"

ሊላንድ ፊቷን አየ። እውነቷን ይሁን ልታቀልለት ማወቅ አልቻለም። እውነት ከሆነ የካውያውን ጥፋት ይሰርዝለታል፤ ግን አንሰልም በዚያ ቦታ ሊሠራው ያሰበውን ነገር ማንም እንደማያውቀው ይነግረዋል።

"በስልክ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንድትመጣ ነዋ።"

ወረቀቱ እስኪደርቅ ጠበቁ። ዊኒ ሻይ አፍልታ ሰጠችው፤ ሻዩ እጁ ላይ ቀዘቀዘ።

"ነገ ና፣ ላስተምርህ" አለችው። "እጅህ ጥሩ ነው። ልክ ታውቃለህ።"

"ተምሬ ለማን?"

ዊኒ ብሩሹን ማጠብ ጀመረች። ሊላንድ ምስማሮቹን ራሱ ነቀላቸው፤ አሁን ቁጥር አልጻፈባቸውም። ጣውላውን እዚያው ተወላትና ወረቀቱን ብቻ በካርቶኑ ይዞ ወጣ።

ዶና ዱልሲ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር።

"እስቲ ልየው!" አሉ፤ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ካርቶኑን ራሳቸው ከፈቱት። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ መልሰው አርቀው አዩት። "ይኼማ አንተ ነህ! ትከሻህ ነው። አይ አንሰልም! አየህ፣ እኔን አጥሬን ብቻ ነው የሠራልኝ።"

"እኔ ነኝ፣ ዶና ዱልሲ።"

"ታዲያ አንገትህ ምን ሆኖ ነው የሰመጥክ የመሰልከው? እንዲህ አድርጎ ነው የሠራህ?"

ሊላንድ ከመንገዱ ጀምሮ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲያዘጋጅ ነበር። አዎ እንዲህ ነው የሠራኝ፣ የአሠራሩ ዓይነት ነው ሊላቸው ይችላል፤ እሳቸው ስለ ቀለም አያውቁም፣ ያምኑታል። አፉን ሲከፍት ግን ሌላ ወጣ።

"እሱ አይደለም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት" አለ።

አሮጊቷ ወረቀቱን አስቀመጡ።

"ነቀልኩት። ከዚያ ተኮስኩት።" ድምጹ ስለ ሌላ ሰው መኪና እንደሚያወራ ሰው ድምጽ ነበር። "አውቄ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ተናድጄ ብቀድደው ይሻለኝ ነበር። እኔ ግን ተጠንቅቄ ነው፣ ዶና ዱልሲ። ከየትኛውም ቀን በላይ ተጠንቅቄ ነው።"

ዶና ዱልሲ ለሐዘንተኛ የሚባለውን ሁሉ ያውቁታል፤ በዚሁ ወጥ ቤት ለብዙ ሰው ብለውታል። አሁን ግን አንዱንም አላሉትም። ካርቶኑን ቀስ ብለው ከደኑትና የባቄላውን ሳህን ወደሱ ገፉት። ሊላንድ ተቀምጦ ይፈለፍል ጀመር። ባቄላው እስኪያልቅ አብረው ፈለፈሉ።

ከዚያ ሊላንድ ተነስቶ ወደ ክፍሉ ወጣና ሻንጣውን አልጋው ላይ ከፈተ። ለመሄጃው ገና አምስት ቀን ይቀረው ነበር። ሸሚዞቹን አንድ በአንድ ከመስቀያው አወረዳቸውና ሳያጣጥፍ ከተታቸው።